ከሥር መተኛትን ለመማር ወደ ድብ ባሕር

ይህን የምጽፈው ድሬዳዋ ከዚራ፣ ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው። ከተመለስኩ ወዲህ የሰፈሬ ሰው ሁሉ «ጎንደር ሄድክ አሉ፤ ግንቡን አየኸው?» ይለኛል። ግንቡን አይቼዋለሁ፤ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ፣ ለሩብ ሰዓት ያህል። የሄድኩት ግን ለግንብ አልነበረም። ሰው ደረቴ ላይ ሲተኛ ለሚይዘኝ ጭንቀት መላ የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ነው። ይህን ለጠየቀኝ ሁሉ በአፍ መናገር ስላሳፈረኝ በወረቀት አደረግኩት።

ባቡር ጣቢያ የዕቃ ክፍል ጸሐፊ ነኝ። ከሥራ በኋላ ሙሴ ፖል የሚባል ፈረንሳዊ መካኒክ በአንድ ባዶ መጋዘን ውስጥ ለእኛ ለወጣቶቹ ጁዶ ያስተምረናል። ጁዶ የጃፓኖች ትግል ነው። ባላጋራህን በልብሱ ይዘህ ትጥለዋለህ፤ ቢወድቅም ግን ገና አላለቀም፤ ጀርባውን መሬት አስነክተህ ሠላሳ ሰከንድ ከያዝከው አሸነፍክ። በመጣሉ ከመጋዘኑ ልጆች የሚደርስብኝ አልነበረም። መሬት ላይ ግን ሌላ ሰው ነበርኩ። ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ ከመጡት ጋር ስንገጥም አሥር አለቃ በቀለ የሚባል ፖሊስ እንደ ጆንያ ደረቴ ላይ ተጋደመብኝ። አባቴ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ያያል። አሥር ሰከንድ እንኳ ሳልቆይ መሬቱን በመዳፌ መታሁ፤ በቃኝ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ለጠየቀኝ ሁሉ ጎኔ ተሰብሮ ነው እያልኩ ዋሸሁ።

ሙሴ ፖል የተሸነፍኩትን ሁሉ ምክንያቱን ጨምሬ በደብተር እንድጽፍ አዘዘኝ። በዓመቱ ስንቆጥረው ከአሥራ አንዱ ሽንፈት ዘጠኙ ከሥር ሆኜ ነበር። «ድካምህ ይኸው ነው» አለኝ፣ ጥፍሩ ውስጥ ግራሶ ባለበት ጣቱ ገጹን እየነካ። «የአዲስ አበባዎቹ ከፋሲካ በኋላ ተመልሰው ይመጣሉ።»

በዕቃ ክፍል ከጎኔ የሚቀመጠው ሙሉጌታ የድብ ባሕር ሰው ነው። ድብ ባሕር ከጎንደር ወደ አሥመራ በሚወስደው መንገድ፣ ከደባርቅ ገደል ሥር ያለች መንደር ናት። የእናቱ ወንድም አያ አላምረው በጉብዝናቸው ስም ያወጡ ታጋይ እንደነበሩ ያጫውተኝ ነበር። በዚያ አገር የወደቀውን ሰው «ተረታሁ» እስኪል ደረቱ ላይ ይቀመጡበታል አሉ። አያ አላምረው ግን ስንቱ ተቀምጦባቸው ተነሥተዋል እንጂ ቃሉ ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። የአሥራ ስድስት ቀን ፈቃድ ወሰድኩ፤ ሙሉጌታ ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ ለዘመዶቹ አንድ ጥቅል ተምር ገዛሁ። ዘመኑ ዐቢይ ጾም ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ባጭሩ ላሳልፋቸው። በባቡር አዲስ አበባ ገባሁ፤ በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ጎጃም በር ከሚነሳ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ዓባይ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ የአገሬን ስለመሰለኝ ትንሽ ተጽናናሁ። ደብረ ማርቆስ ስናድር ግን ብርዱ አጥንቴ ገባ። ለብሼ የመጣሁት ለድሬዳዋ ምሽት የተሰፋ ስስ ኮት ነው። በሦስተኛው ቀን ባሕር ዳርን አልፈን፣ ጠዳን አልፈን፣ አዘዞ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። መንገዱን ሙሉ አንድ ሐሳብ ሲያብሰለስለኝ መጣ፤ ይህን ሁሉ አገር አቋርጬ ሽማግሌው ቢስቅብኝስ? አንድ የተማረ ሰው፣ ደመወዝ የሚበላ፣ መሬት ላይ መተኛት ፈራሁ ብሎ አምስት ቀን ሲጓዝ?

ጎንደር ያረፍኩት በሙሉጌታ ዘመድ በመሪጌታ ፍሬስብሐት ቤት ነው፤ ከአንድ ደብር ግቢ ሥር፣ ቅጥሩ በድንጋይ የተካበ። ድሬዳዋ ቤቶቻችን ሰፊ መስኮት አላቸው፤ ነፋስ ይግባ ብለን ነው። እዚያ መስኮቱ የመዳፍ ስፋት ነው፤ ነፋስ እንዳይገባ። ባለቤታቸው እመት ዘነበች እግሬን ካላጠብኩ ብለው ታገሉኝ። እኔ ያፈርኩትን ያህል እሳቸው አላፈሩም።

አራተኛው ቀን ባከነ። ወደ ደባርቅ የሚሄድ ማኪና ለማግኘት ከጠዋት እስከ ቀትር ፒያሳ ስንከራተት ዋልኩ። ጣሊያን የሠራቸው ቤቶች የድሬዳዋን ስለሚመስሉ ናፍቆቴን ቀሰቀሱት እንጂ አላረጋጉኝም። ቀኑን በጣቴ እየቆጠርኩ፣ አንድ ቀን ባለፈ ቁጥር ከአያ አላምረው ጋር የምቆይበት አንድ ቀን እየተቀነሰ፣ በመጨረሻ አንድ ትረንታ ኳትሮ የሚባል የጭነት ማኪና ነገ እንደሚነሳ ተነገረኝና ወደ ቤት ተመለስኩ። ራበኝ። እኛ አገር ጾም ማለት ሥጋና ወተት መተው ነው፤ ቁርስህን በዘይት ትበላለህ። ቤቱ ውስጥ ሰው የለም ብዬ ከቦርሳዬ ለመንገድ የያዝኳትን ተምር አውጥቼ ስበላ እመት ዘነበች ገቡ። ለካ በዚያ ቤት እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ቅዳሴ እስኪወጣ፣ ውሃ እንኳ አይቀመስም። አፌ ሙሉ ሆኖ ደርቄ ቀረሁ። እሳቸው ምንም እንዳላዩ ዞር አሉና ውሃ በዋንጫ አምጥተው አጠገቤ አስቀመጡ።

«የመንገደኛ ጾም ቀላል ናት፣ የኔ ጌታ። ደረቁን አትዋጠው፤ ያንቅሃል» አሉኝ።

በዘጠኝ ሰዓት መሪጌታ መጥተው ማዕድ ቀረበ። ሽሮና የሱፍ ፍትፍት ነበር። መሪጌታ ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ። ጥቂት ተንተባትቤ እውነቱን ነገርኳቸው፤ የሚያሸንፈኝን ድካሜን ለይቼ ለማወቅና ለማረም መሆኑን። የጎረሱትን ዋጡ።

«እኛ አገር ሰው ድካሙን ለማወቅ ገዳም ይሄዳል እንጂ ድብ ባሕር አይወርድም» አሉ። እመት ዘነበች ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ቀጥለው ግን መሪጌታ፣ «ቢሆንም ሸጋ ነው። ድካሙን ፍለጋ የሚወጣ ጥቂት ነው። አብዛኛው ሰው ድካሙን ሌላ ሰው ላይ ነው የሚፈልግ» አሉኝ። በማግስቱ ስወጣ አሮጌ በርኖሳቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉብኝ። ስመለስ እንድመልስላቸው እንኳ አላሉኝም።

አምስተኛው ቀን ሙሉውን በአቧራ አለፈ። ሾፌሩ ኪዳኔ የሚባል የአሥመራ ሰው ነው፤ ረዳቱ ደግሞ ሽበታም፣ ከጭነቱ ላይ ተኮራምቶ የሚሄድ። ደባርቅ ስንደርስ በበርኖስ ላይ በርኖስ የሚያስመኝ ብርድ ነበር። ያደርኩባት ቤት ባለቤት የበግ ጠጉር ባና አልብሳኝ ቁንጫውም አብሮ ሞቀው፤ ሁለታችንም ሳንተኛ ነጋ።

በስድስተኛው ቀን የሊማሊሞን ገደል ወረድን። ስለሊማሊሞ ለድሬዳዋ ሰው እንዴት ልንገር? ከከተማችን በላይ ካለው ከደንገጎ ዳገት መታጠፊያ አምስቱን ብትደራርብ፣ አጥሩን ሁሉ ብታነሳ፣ ከዚያ መንገዱን ግማሽ ብታጠበው ትቀርባለህ። እኔ ያደግኩት ባቡር አጠገብ ነው፤ ባቡር ሐዲድ አለው፤ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ትረንታ ኳትሮ ያለው የኪዳኔ ክንድ ብቻ ነበር። ከመታጠፊያዎቹ አንዳንዶቹ ስለማይበቁት አፍንጫውን ከገደሉ አፋፍ ያደርስና ይቆማል፤ ረዳቱ ዘሎ ከጎማው ኋላ ድንጋይ ያኖራል፤ ከዚያ ወደ ኋላ ብሎ እንደገና ይታጠፋል። በአንዱ ላይ ድንጋዩ ተንሸራተተ። ማኪናው ምናልባት አንድ ስንዝር ያህል ሄደ። አንድ ስንዝር ግን እዚያ ቦታ ላይ ብዙ ነው። ሲቆም እጄ የጋቢናውን በር እንደያዘ፣ ደረቴ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ቀርቶ ነበር።

ኪዳኔ ዞር ብሎ አየኝና፣ «ትንፋሽህን ምን አስያዘህ? ፍሬኑን የያዝኩት እኔ ነኝ» አለኝ።

ያን ጊዜ ተናድጄበት ነበር።

ድብ ባሕር ስወርድ ሞቅ አለኝ። ወደ ኋላ ስዞር የወረድንበት ገደል እንደ ግድግዳ ሰማዩን ይዞታል። የአያ አላምረውን ቤት አንድ ገበሬ አሳየኝ፤ ከመንገዱ በላይ፣ ክብ የሣር ቤት፣ አጠገቡ የተወቃበት አውድማ። በሩ ላይ ሚስታቸው እመት ጥሩ ተቀበሉኝ። ሙሉጌታ የላከኝ መሆኔን ስነግራቸው ጉንጬን ይዘው ሳሙኝና ወደ ውስጥ መሩኝ።

አያ አላምረው መደብ ላይ፣ አጎዛ ላይ ተጋድመው ነበር። ትከሻቸው አሁንም የበር ስፋት አለው። እግራቸው ግን ከወገብ በታች እንደ ሌላ ሰው እግር በቁምጣቸው ውስጥ ቀጥኖ ይታያል። ባለፈው ክረምት እንስሳ ሊመልሱ ገደል አፋፍ ሄደው አዳልጧቸው ነበር። ዳሌያቸው ተሰብሮ እንደነገሩ ገጠመ፤ ከዚያ ወዲህ ያለ ሰው አይነሡም። ሙሉጌታ ይህን አላወቀም፤ የላኩት መልእክት አልደረሰውም።

ቆሜ ቀረሁ። ስድስት ቀን የመጣሁበት ሰው መቆም አይችልም። ይህን ማሰቤ ራሱ አሳፈረኝ፤ ያዘንኩት ለእሳቸው ሳይሆን ለራሴ ነበርና።

«ወረቀቷን አንብባት» አሉኝ። ከቤቱ ውስጥ ማንበብ የሚችል እኔ ብቻ ነበርኩ። ሙሉጌታ ከሰላምታው በኋላ ምን እንደጻፈ አላወቅኩም ነበር። ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ፤ «እንግዲህ አያዬ፣ ይህ ወንድሜ ከሥር ከወደቀ መነሣት ስለማይሆንለት፣ አንቱ ከወደቁበት እንዴት እንደሚነሡ ያሳዩት» የሚለው ላይ ስደርስ አቆምኩ። እመት ጥሩ ፊታቸውን ወደ ምድጃው አዞሩ። ልጃቸው ደምሴ፣ ከእኔ ትንሽ የሚበልጥ፣ አንገቱ እንደ በሬ የወፈረ ሰው፣ በሩ ላይ ቆሞ መሬት መሬት ያያል።

አያ አላምረው ወረቀቷን ከእጄ ወስደው ከአጎዛው ሥር አኖሯት።

«መነሣቱን ትቸዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «መተኛቱን ግን ላሳይህ እችላለሁ።»

በሰባተኛው ቀን ጠዋት በሩን ከፍተን፣ ከመደባቸው ሆነው እንዲያዩን ከአውድማው ላይ ገለባ ጎዘጎዝን። በጾም ትግል ያስነውራል ብለው እመት ጥሩ አጉረመረሙ፤ አያ አላምረው «ትግል አይደለም፤ ተኝቶ ማየት ነው» ብለው ዝም አሰኟቸው። ጀርባዬን ገለባው ላይ አሳረፍኩ። ደምሴ በእርጋታ መጥቶ በደረቴ ላይ በአግድም ተጋደመ። ክብደቱ የአሥር አለቃ በቀለን አንድ ተኩል ይሆናል። ላቡና የገለባው አቧራ አፍንጫዬን ሞላው። ከዚያ በኋላ የሆነውን በትክክል አላስታውስም። ሰማዩ ጠበበ፤ ጆሮዬ ጮኸ፤ እንደ እብድ ተንፈራገጥኩ። ክርኔ አንድ ጠንካራ ነገር ሲመታ ተሰማኝ። ደምሴ ከላዬ ተነሣ፤ ከቅንድቡ ደም እየወረደ ዓይኑን ሸፍኖታል።

እመት ጥሩ ሮጠው ወጡ። «ምነው ልጄን?» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። ያ ከጩኸት የባሰ ነው። እኔ እንጀራቸውን የበላሁ፣ ከቤታቸው ያደርኩ እንግዳ፣ ያለ ጠብ የልጃቸውን ፊት ፈነከትኩ። ጨርቅ ቀደው ሲያስሩለት እኔ ቦርሳዬን ልይዝ ገባሁ። ወደ ደባርቅ የሚወጣ ማኪና ግን ከሦስት ቀን በፊት አይገኝም ነበር። መሄጃ የለኝም። ከአውድማው ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የመጣው ደምሴ ነው። ቅንድቡ ታስሯል። አጠገቤ ተቀመጠና፣ «በሬም እንዲህ ይወጋኛል። እሱም ጠልቶኝ አይደለም» አለኝ። ከዚያ፣ «አባቴ ይጠራሃል።»

አያ አላምረው ደብተሬን አምጣ አሉኝ፤ ስለ ደብተሩ ትናንት ማታ ነግሬያቸው ነበር። ዘጠኙን ሽንፈት አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። ቀኝ ክንዴን ያዘብኝ። አንገቴን ቆለፈው። ከብዶኝ ነበር። ልብሴን አንቆ ያዘ። በጉልበቱ ጎኔን ተጫነኝ። እስከ መጨረሻው አዳመጡና፣

«ይኸ ሁሉ የእሱ ሥራ ነው» አሉ። «አንተ ምን ታደርግ ነበር?»

አልገባኝም።

«እሱ ያዘ፣ እሱ ቆለፈ፣ እሱ ተጫነ ትላለህ። አንተስ ያን ጊዜ ምን ትሠራ ነበር?»

ደብተሩን እንደገና ገለጥኩት። ከዘጠኙ ገጽ በአንዱ ላይ እንኳ ስለራሴ የጻፍኩት የለም። ዓመት ሙሉ ድካሜን የመዘገብኩ መስሎኝ የሌሎችን ጉልበት ነበር የመዘገብኩት። እመት ጥሩ እንኳ ሥራቸውን አቆሙ።

«ትንፋሼን እይዛለሁ» አልኩ። «እፈራለሁ፣ አያ። የምሞት ይመስለኛል። ሰው እንዳያውቅብኝ ጎኔን አሞኝ ነው እላለሁ። በልምምድም ከሥር አልተኛም፤ ቶሎ ጥዬ ከላይ እሆናለሁ፤ የሚከብደኝን ከማንም ጋር ሞክሬው አላውቅም።»

ይህን ለሙሴ ፖል አልነገርኩትም፤ ለሙሉጌታም። በሕይወቴ ከማላውቃቸው ሦስት ሰዎች ፊት ወጣኝ።

አያ አላምረው አልሳቁም። «እሽ» አሉ። «እኔ ያደረግኸውን ንገረኝ አልሁህ እንጂ ፍርሃትህን አውልቀህ ና አላልሁህም። ደምሴ፣ ና ተኛበት። እዚሁ፣ እፊቴ።»

ደምሴ በታሰረ ቅንድቡ ሳያመነታ መጥቶ ከመደቡ ሥር ምንጣፍ ላይ ተጋደመብኝ። ይህን አልረሳውም። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን አላደርገውም ነበር።

«አሁን አገርህን አጫውተኝ» አሉኝ አያ አላምረው።

«ምን?»

«አገርህን። ባቡር አለ ይላሉ። ምን ይበላል?»

ደረቴ ተጨንቆ ነበር። «ድሮ… ከሰል» አልኩ። «አሁን ናፍጣ ይጠጣል።»

«ስንት በሬ ይስባል?»

«በሬ አይስበውም፣ አያ። እሱ ነው የሚስበው።»

«ወንዝ አላችሁ?»

«አለን። ደቻቱ ይባላል። ውሃ የለውም፤ አሸዋ ነው።»

ደምሴ ከላዬ ሆኖ፣ «ውሃ የሌለው እንዴት ወንዝ ይባላል?» ሲል ሳቁ በደረቴ ውስጥ ተሰማኝ።

«ደጋው ላይ ሲዘንብ ድንገት ይመጣል። አሸዋው ላይ ገበያ የዘረጋ ሰው ዕቃውን እንኳ ለመሰብሰብ አይደርስም። ከቀትር በኋላ ሙቀቱ አያስወጣም፤ በበጋ አልጋችንን ግቢ አውጥተን ነው የምንተኛው።»

«ጅብስ?» አሉ እመት ጥሩ።

«ጅቡም ሞቆት ወደ ቤቱ አይገባም» አልኩ። እመት ጥሩ ሳቁ። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር የታወቀኝ፤ ደምሴ አሁንም ደረቴ ላይ ነው፤ እኔም አልሞትኩም።

«አየህ» አሉ አያ አላምረው። «የሚያወራ ሰው ይተነፍሳል። መተንፈስህን ካላቆምህ እሱ ሰው ነው፤ ካቆምህ ተራራ ነው። አሁን ስማኝ። እሱም ይተነፍሳል። ሲያወጣ ከጎንህ በኩል የእጅ ስፋት ቦታ ትገኛለች። እሱን አታንሣው፤ አይነሣልህም። አንተ ሽሽ። ወገብህን ወደዚያች ቦታ ውሰዳት፣ ጉልበትህን አስገባ።»

በመጀመሪያው ቀን ወገቤን ያንቀሳቀስኩት የጣት ያህል ነው። ስምንተኛውን ቀን ሙሉ፣ ዘጠነኛውንም፣ ደምሴ ከእርሻው ሲመለስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ከተበላ በኋላ፣ ከመደቡ ሥር እንተኛለን። ጎረቤት የድሬዳዋን ወሬ ለመስማት እየመጣ በሩ ላይ ይቀመጥ ጀመር። አንዲት አሮጊት ከሥር ሆኜ ስለ ቀፊራ ገበያ ሳወራ አይተው፣ «ይህ ልጅ ተቀምጦ ማውራት አይችልም?» ብለው ጠየቁ አሉ። ሁልጊዜ አልሆነልኝም። በዘጠነኛው ቀን አንዴ ሰማዩ እንደገና ጠበበብኝና በመዳፌ ምንጣፉን መታሁ፤ ደምሴ ወዲያው ተነሣልኝ፤ አያ አላምረው፣ «የት ላይ ነው ወሬህ ያለቀ?» አሉኝ። በትክክል ነገርኳቸው። «እንግዲህ ከዚያ ጀምር» አሉ። ከዚያ ጀመርኩ። ሁለት ጊዜ ወጣሁ፤ ሁለተኛውን ደምሴ ከልቡ ሊይዘኝ ሞክሮ ነበር።

በአሥረኛው ቀን የኪዳኔ ማኪና ከአዲ አርቃይ በኩል እንደምትመጣ ወሬ ደረሰን። ቦርሳዬን አንግቼ ልሰናበት ስጎነበስ አያ አላምረው እጄን ያዙ።

«አንሣኝ» አሉ። «ደጅ ድረስ።»

ደምሴ ሊጠጋ ሲል በዓይናቸው መለሱት። እኔ ክንዴን ከብብታቸው ሥር አስገብቼ አነሣኋቸው። ከባድ ናቸው። ጥርሳቸውን ነክሰው፣ አንድ እግራቸውን እየጎተቱ፣ እስከ ደጁ ድንጋይ ድረስ ሄድን። ተቀመጡ። ፀሐዩ ፊታቸው ላይ ሲያርፍ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እመት ጥሩ ከውስጥ ቀርተዋል።

«ከሐምሌ ወዲህ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ ልጃቸው እንዳይሰማ፣ «ተረታሁ ማለት አምሮኝ ነበር። የምለው ሰው አጣሁ።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ማኪናዋ ስትመጣ እስክትሰማ ድረስ ከአጠገባቸው አልተነሣሁም። የተምሩን ጥቅል በዚያ ቀን ነው የከፈቱት፤ ሁለት ፍሬ ለመንገዴ መልሰው ሰጡኝ።

ሊማሊሞን ስንወጣ ኪዳኔን ስለ አሥመራ ጠየቅኩት፤ እስከ ደባርቅ አወራልኝ። ግማሹን አልሰማሁትም፤ ግን ተነፈስኩ። ጎንደር ለመሪጌታ በርኖሳቸውን መለስኩ። እምቢ ብለው ሲያበቁ፣ «ድካምህን አገኘኸው?» አሉኝ። «አገኘሁት፣ መሪጌታ» ስላቸው፣ «ጠብቀው፤ ይለምዳል» ብለው መረቁኝ። ድሬዳዋ ፈቃዴ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ደረስኩ።

ከፋሲካ በኋላ አሥር አለቃ በቀለ ከነቡድኑ መጣ። ከአንድ ሳምንት በፊት ጀምሮ እንቅልፍ አጥቼ ነበር፤ ፍርሃቱ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽም። በሁለተኛው ደቂቃ ክፍተት አግኝቶ ጣለኝና ልክ እንዳምናው ደረቴ ላይ ተጋደመ። ሰው ሲያጉረመርም ሰማሁ። ዳኛው መቁጠር ጀመረ። ሰማዩ፣ ማለቴ የመጋዘኑ ቆርቆሮ፣ ጠበበ። ከንፈሬን አላቀቅኩና ወደ ጆሮው ማውራት ጀመርኩ፤ ደቻቱ ይባላል፣ ውሃ የለውም፣ አሸዋ ነው። ትንፋሹን እስኪያወጣ ጠበቅኩት። ሃያ ሦስት ላይ ወገቤን ወሰድኩ፤ ጉልበቴ ገባች፤ ወጣሁ። ሰዓቱ እስኪያልቅ ድረስ ቆመን ታገልን። ዳኞቹ ድሉን ለእሱ ሰጡ፤ ተገቢ ነበር።

ልብሳችንን ስንቀይር አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ረጅም፣ ጥቂት የሚናገር ሰው ነው።

«ከሥሬ ሆነህ ታወራ ነበር» አለኝ። «ለማን ነው?»

ልዋሽ አልኩና ተውኩት። ስለ ፍርሃቴ፣ ስለ ሽማግሌው፣ ስለ ደምሴ ቅንድብ ነገርኩት። ጫማውን ሳያስር አዳመጠኝ። ስጨርስ ባቡራቸው ነገ በሦስት ሰዓት እንደሚነሳ ብቻ ነገረኝና ሄደ።

በማግስቱ በአንድ ሰዓት መጋዘኑን ልከፍት ስሄድ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ ብቻውን። ኮፍያውን አውልቆ መስኮቱ ላይ አኖረ። ጓደኞቹ እንዳልተከተሉት ለማየት ወደ ደጅ አንዴ ዞር አለ። ከዚያ ጀርባውን ምንጣፉ ላይ አሳረፈና፣

«አንተ ከላይ ሁን» አለኝ።

ተጋደምኩበት። ደረቱ ወዲያው ድንጋይ ሆነ፤ ትንፋሹን ያዘ።

«አሥር አለቃ፣» አልኩት፣ «አገርህ የት ነው?»